ከሶኬቱ ጀምሮ የተገጣጠመ ኮምፒውተር

ስለ ጌሚንግ ኮምፒውተር አገጣጠም የሚሰጠው ምክር ሁሉ ማለት ይቻላል የጨዋታውን ሥዕል ከሚሠራው ከግራፊክስ ካርዱ ይጀምራል። የበጀትህን ግማሽ ገደማ ለካርዱ መድብ፣ ፕሮሰሰሩን አስከትል፣ የተረፈውን ሁሉን ለሚይዘው ሣጥን ለኬዙና የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለማሽኑ ለሚያዘጋጀው ለፓወር ሰፕላይ አብቃቃ ይላል። ምክሩ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም የተጻፈው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ባላለ ከተማ፣ መብራት በማይቆራረጥበት ቤትና ያልሠራ ዕቃ ያለ ጭቅጭቅ ተመላሽ በሚሆንበት ገበያ ለሚኖር ሰው ነው። እኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። እዚህ ኤሌክትሪኩም፣ አየሩም፣ አቧራውም የራሳቸው ጠባይ ስላላቸው ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ከግድግዳው ሶኬት ጀመርኩ፤ ከሶኬቱ ወደ ፓወር ሰፕላዩ፣ ከዚያ ወደ ማቀዝቀዣውና ወደ ኬዙ አለፍኩ፤ ካርዱ የመጣው በመጨረሻ ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው የዚያን አካሄድ ምክንያት ነው፤ አልደብቅም፣ ኮምፒውተሬን ለማሳየትም ጭምር ነው።

በአዲስ አበባ ቤቶች ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው ሦስተኛው ሽቦ፣ ማለትም አርዙ ነው። በፓወር ሰፕላይ መግቢያ ላይ የኤሌክትሪክ ረብሻን የሚያጣሩ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ አንደኛው ከፌዙ፣ ሌላኛው ከኒውትራሉ ተነሥተው ከኬዙ ብረት ጋር ይገናኛሉ። አርዝ ባለበት ቤት በእነርሱ በኩል የምታልፈው ጥቂት ከረንት ወደ መሬት ትሄዳለች። አርዝ በሌለበት ቤት ግን ሁለቱ ካፓሲተሮች 220 ቮልቱን እኩል ስለሚካፈሉት የኬዙ ብረት በ110 ቮልት አካባቢ ላይ ይቆያል። ከረንቱ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ሰው አይጎዳም፤ ሆኖም በባዶ እግሩ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ኬዙን የነካ ሰው እጁን ውርር ያደርገዋል። ብዙዎች «ኮምፒውተሬ ይነዝራል» ብለው ፓወር ሰፕላያቸውን ይቀይራሉ፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ይነዝራቸዋል፤ ምክንያቱም ጉድለቱ ያለው ከግድግዳው እንጂ ከማሽኑ አይደለም። በእኛ ቤት አርዙ እስከ ቆጣሪው መጥቶ ወደ ክፍሎቹ አልተዘረጋም ነበር። ስለዚህ ለዚህ ኮምፒውተር የወጣው የመጀመሪያ ገንዘብ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛና ለአንድ ጥቅል አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ የተከፈለው ነው። ለጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው ካርዱ ምን እንደሆነ ነው መልሰው የሚጠይቁኝ።

ሁለተኛው ጉዳይ የቮልቴጁ መውጣትና መውረድ ነው። በሕንፃችን ውስጥ በአንድ ጊዜ በርከት ያሉ ምጣዶች ሲሰኩ አምፖሎቻችን ደከም ይላሉ፤ ይህን የማያውቅ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ለዚህ ብሎ ስታቢላይዘር መግዛት የተለመደ ነው፤ ለፍሪጅ ምክንያታዊ ቢሆንም ለኮምፒውተር ግን ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። አክቲቭ ፒኤፍሲ (ከመስመሩ የሚወሰደውን ከረንት የሚያስተካክል ክፍል) ያለው ደኅና ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ተቀብሎ ስለሚሠራ፣ መስመሩ ወደ 180 ቢወርድ እንኳ ጨዋታው ላይ ምንም አይታይም። ይልቁንም የሚያስፈራው መብራቱ ጠፍቶ የሚመለስበት ቅጽበት ነው፤ ያን ጊዜ የሰፈሩ ፍሪጅና ፓምፕ ሁሉ በአንድ ላይ ሲነሣ መስመሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ይዘላል። መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን ከግድግዳው ነቅሎ፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታግሦ መሰካት ምንም ወጪ የለውም።

መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚተካውን ዩፒኤስ የገዛሁት መብራት በጠፋበት ሰዓት ጨዋታ ለመቀጠል አይደለም። ኮምፒውተሬ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከ280 እስከ 300 ዋት ስለሚወስድ በባትሪ ብዙ ደቂቃ አይቆይም፤ የጀመሩትን አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት ግን ከበቂ በላይ ነው። እዚህ ላይ ገዢ የሚታለልባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቪኤ የሚባለው ቁጥር ዋት አለመሆኑ ነው፤ 1000 ቪኤ የተባለ ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ 600 ዋት ብቻ ይሸከማል። ሁለተኛው የሞገዱ ዓይነት ነው፤ ርካሾቹ ዩፒኤሶች የሚያወጡት ደረጃ ደረጃ ያለው አስመሳይ ሞገድ በመሆኑ አክቲቭ ፒኤፍሲ ካለው ፓወር ሰፕላይ ጋር ሁልጊዜ አይስማማም፤ ኮምፒውተሩ ልክ ወደ ባትሪ በሚዞርበት ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚለውን፣ ማለትም እንደ መስመሩ ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣውን፣ መርጬ ልዩነቱን ከፍያለሁ።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላዩ ልምጣ፤ በዚህ ጽሑፍ ከምናገረው ሁሉ በጣም የገረመኝ እዚህ ያገኘሁት ነው። ለቻይና ገበያ በተሠሩ ብዙ አዳፕተሮችና ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ ላይ፣ በማያነቡት ፊደል ከተጻፈው ማስጠንቀቂያ አጠገብ፣ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተሣለ ተራራና 2000 ሜትር የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ትርጉሙ ዕቃው ደኅንነቱ የተረጋገጠው ከ2,000 ሜትር በታች ላለ አካባቢ ብቻ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ነች! አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክ ከአንድ ብረት ወደ ሌላው እንዳይዘል የመከልከል አቅሙ ስለሚቀንስ፣ በከፍታ ላይ የሚሠራ ዕቃ በውስጡ ባሉት የከፍተኛ ቮልት ክፍሎች መካከል ሰፋ ያለ ርቀት ሊኖረው ይገባል፤ እስከ 5,000 ሜትር ለሚሠራ ዕቃ የሚጠየቀው ርቀት ለ2,000 ሜትር ከሚጠየቀው 1.48 እጥፍ ነው። ማንንም ለማስደንገጥ አልፈልግም፤ ይህ ምልክት ያለባቸው ቻርጀሮች በየቤታችን ያለ ችግር ይሠራሉ፤ የቀነሰው የጥንቃቄው ወሰን ነው። ነገር ግን ሁለት ፓወር ሰፕላዮች በተመሳሳይ ዋጋ ፊት ለፊቴ ቀርበው አንዱ በመግለጫው እስከ 5,000 ሜትር እሠራለሁ ካለ፣ የምመርጠው እርሱን ነው፤ የመረጥኩትም እርሱን ነው። 650 ዋት ሲሆን 80 ፕላስ ጎልድ የሚባለው ደረጃ አለው፤ ይህም ማለት በግማሽ ጭነቱ ሲሠራ ከግድግዳው ከሚወስደው ኃይል 90 በመቶ ያህሉን ለማሽኑ ያደርሳል። የእኔም ኮምፒውተር በጨዋታ ጊዜ የሚሠራው እዚያው ግማሽ አካባቢ ነው።

ከፍታው የሚነካው ኤሌክትሪኩን ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሲነፃፀር ሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት ሲዞር የሚገፋው የአየር መጠን እዚህም እዚያም ያው ነው፤ ነገር ግን በዚያ መጠን ውስጥ ያለው አየር ቀለል ስላለ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። በወረቀት ላይ ላሳይ። 300 ዋት የሚያመነጭ ኮምፒውተር በደቂቃ 1.4 ኪዩቢክ ሜትር አየር ቢያልፍበት፣ በባሕር ወለል ላይ የሚወጣው አየር ከገባው በ11 ዲግሪ ገደማ ሞቆ ይወጣል፤ እዚህ ግን 14 ዲግሪ ይሞቃል። በዚህ ላይ የፕሮሰሰሩና የካርዱ ማቀዝቀዣዎች ሙቀታቸውን ለቀጭኑ አየር የሚያስረክቡበት ፍጥነት መቀነሱ ሲታከል፣ በውጭ ሰዎች ግምገማ ላይ የሚታየው የሙቀት ቁጥር እኛ ጋ እንዳለ እንደማይደገም ግልጽ ይሆናል። በሌላ በኩል አየሩን ያሳሳው ከፍታ ራሱ አቀዝቅዞታል፤ የከተማችን የዓመት አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ክፍሌ ያለ ኤሲ ብዙ ጊዜ 20 እና 21 ዲግሪ ላይ ይውላል። በክረምት የጠፋው በትርፍ ይካካሳል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ግን አይካካስም፤ ስለዚህ ማሽኑ መለካት ያለበት በእነዚያ ወራት ነው።

ከዚህ በመነሣት ለፕሮሰሰሩ ከካርቶኑ ጋር የመጣችውን ትንሽ ማቀዝቀዣ ትቼ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ያለው ቁመታም የአየር ማቀዝቀዣ ገጠምኩ። በውኃ የሚያቀዘቅዘውን ለምን አልገዛህም የሚሉኝ አሉ። የውኃውም መጨረሻ ያው ራዲያተር ነው፤ ራዲያተሩም የሚቀዘቅዘው በዚያው በሳሳው አየር ነው፤ በተጨማሪ የሚበላሽ ፓምፕና የሚያፈስ ቱቦ አለው፤ ዋስትናውም ቢሆን ዕቃው በሻንጣ ስለሚመጣ እዚህ አይሠራም። ጎመን በጤና ብዬ አልፌዋለሁ። ስለ ከፍታ ካነሣሁ አይቀር፣ የተለመዱት ሃርድ ዲስኮች መረጃውን የሚያነቡበት ጫፍ በቀጭን የአየር ትራስ ላይ ስለሚንሳፈፍ፣ ብዙዎቹ እንዲሠሩ የሚፈቀድላቸው እስከ 3,048 ሜትር ብቻ ነው። ልደታ ላለ ሰው ይህ ችግር አይሆንም፤ እንጦጦ አናት ላይ ቤት ያለው ጌመር ካለ ግን የሚሽከረከር ክፍል የሌለውን ማከማቻ፣ ኤስኤስዲ፣ ብቻ ይጠቀም።

ኬዙ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚያየውም እርሱን ነው። በገበያችን ያሉት አብዛኞቹ የጌሚንግ ኬዞች ፊታቸው በመስተዋት የተዘጋ ነው፤ ያምራሉ፣ ነገር ግን ፋኖቹ አየር የሚስቡት በጎን ባለች ጠባብ ቀዳዳ ነው። ቀጭን አየር ባለበት ከተማ ይህን መግዛት ሁለት ጊዜ መክሰር ነው። እኔ የጎኑን መስተዋት እንዳለ ትቼ የፊቱን አውጥቼ፣ በምትኩ የሚገባ የብረት ፍሬም ለማሠራት ልኩን ይዤ መርካቶ ወርጄ ምናለሽ ተራ የሚሠሩ አንድ ብረት ሠራተኛ ዘንድ ሄድኩ። «ለየትኛው ጄኔሬተር ነው?» አሉኝ። ለኮምፒውተር ነው ስላቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና፣ ያቀረብኩትን ንድፍ ትተው ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፈው ለመሥራት ፈቃድ ጠየቁኝ፤ እንዲህ ከሆነ እጅ አይቆርጥም፣ ፋኑ ሲዞርም አይንቀጠቀጥም አሉ። እንዳሉት ሆነ። በዚያ ፍሬም ላይ የተወጠረው ቀዳዳው ሰፋ ያለ የወንፊት ሽቦ ሲሆን፣ ከጀርባው ማግኔት ባለው ጠርዝ የሚለጠፍ ደቃቅ የአቧራ ማጣሪያ አለ። ጥቁር ቀለም ቀብቼዋለሁ። በዚህ ኮምፒውተር ላይ በሱቅ ሊገዛ የማይችለው ብቸኛ ክፍል ይህ በመሆኑ ፎቶ ሳነሣ የማስቀድመው ይህን ነው።

አቧራውን በተመለከተ፣ ከጥቅምት አንሥቶ እስከ በልግ ዝናብ ያለው ደረቅ አየር ብቻውን በቂ ነበር፤ ካለፉት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በመሐል ከተማው የሚፈርሰውና የሚገነባው ተጨምሮበታል። መፍትሔው ከሚያስወጡት ይልቅ የሚያስገቡትን ፋኖች ማብዛት ነው። ሦስት ፋን ከፊት ያስገባሉ፣ አንድ ከኋላ ያስወጣል፤ ስለዚህ በኬዙ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው በጥቂቱ ስለሚበልጥ፣ በየስንጥቁ አየር ይወጣል እንጂ አቧራ አይገባም። የሚገባው ሁሉ በማጣሪያው ያልፋል፤ ማጣሪያው ደግሞ በውኃ ታጥቦ ይደርቃል። የክፍሉን መስኮት ዘግቶ መጫወት እንዲሁ ይረዳል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው የሰው ሙቀት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ዕቃዎቹን በመግዛት ረገድ የተከተልኩት ደንብ ክብደትን ከዋጋ ጋር ማነፃፀር ነው። ፕሮሰሰር፣ ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ) እና ኤስኤስዲ በኪስ የሚያዙ ውድ ዕቃዎች ስለሆኑ ከዱባይ በሚመጣ ሰው እጅ ቢመጡ ያዋጣል፤ ኬዝ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ዩፒኤስና ሞኒተር ግን ከባድ ስለሆኑ እዚሁ ይገዛሉ። ሁሉም የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ በመካከል ነው፤ ከተቻለ እዚሁ አስነሥቶ አይቶ መግዛት ይሻላል። ዋጋን ሳነሣ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ከ57 እስከ 58 ብር ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ብዙ ሰው የኮምፒውተር ዕቃ በዚያው ልክ እጥፍ ይሆናል ብሎ ነበር። በሱቅ ውስጥ የታየው ግን ከዚያ ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ነጋዴው ከዚያ ቀደምም ዕቃውን ሲተምን የነበረው በትይዩው ገበያ ዋጋ ነበር። ራም ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የዓለምን የሜሞሪ ምርት ስለተሻሙ ከ2025 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ጀምሮ ዋጋው አሻቅቧል፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የሜሞሪ አምራቹ ማይክሮን ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ተጠቃሚ ይሸጥ የነበረውን ሥራ እንደሚያቆም አሳውቋል። አዲሱን የራም ትውልድ ዲዲአር 5 ትቼ በቀደመው በዲዲአር 4 የቆየሁት፣ በገዛሁበት ጊዜ ከአሮጌ ማሽን የወጣ ራም በሰውኛ ዋጋ ይገኝ ስለነበር ነው።

በዚህ መሠረት የመረጥኩት ፕሮሰሰር በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 ነው፤ ስድስት ኮር ሲኖረው 65 ዋት ተብሎ የተመዘገበ ነው። ለሳሳ አየር የሚስማማው እንዲህ ያለ ብዙ የማይሞቅ ፕሮሰሰር ነው። ካርዱ ኢንቪዲያ በፌብሩወሪ 2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው አርቲኤክስ 3060 ሲሆን ያገለገለ ነው። ስሙን ብቻ አይቶ መግዛት ግን አይገባም፤ በዚሁ ስም ሁለት የተለያዩ ካርዶች አሉ። የመጀመሪያው 12 ጊጋባይት ሜሞሪና ባለ 192 ቢት መስመር ያለው ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የተጨመረው ግን 8 ጊጋባይትና 128 ቢት በመሆኑ በጨዋታ ላይ በግልጽ ይዘገያል። ሻጮች ሁለቱንም «3060» ብለው ይጠሯቸዋል።

ያገለገለ ካርድ ሲገዛ ብዙዎች የሚፈሩት ለክሪፕቶ ማዕድን የሠራ እንዳይሆን ነው። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በሴፕቴምበር 2022 እ.ኤ.አ. በካርድ የሚመረትበትን አሠራር ካቆመ በኋላ ብዙ እንዲህ ያሉ ካርዶች ወደ ገበያ ወጥተዋል። እኔ ከማዕድን ይልቅ የምፈራው ፎርጅዱን ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጂቲኤስ 450 ወይም ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ተለውጦ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነኝ ብሎ ለዊንዶውስ እንዲናገር ይደረጋል። መለየቱ ግን ከባድ አይደለም፤ እውነተኛው 1050 ቲአይ የአሮጌው ሞኒተር ማገናኛ የሆነው የቪጂኤ ቀዳዳ የለውም፤ ፎርጅዱ ብዙ ጊዜ አለው። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራምም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለውን ካርድ ሲያገኝ ፎርጅድ መሆኑን በስሙ ፊት ጽፎ ያሳያል። ስለዚህ ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዞ መሄድና ካርዱ እዚያው ተሰክቶ እንዲነሣ መጠየቅ የገዢ መብት ነው። አንድ ሻጭ «ይሠራል፣ እመነኝ ወንድሜ፣ ግን አሁን የምንሰካበት ማሽን የለም» አለኝ፤ በሱቁ ውስጥ የበራ ኮምፒውተር ከኋላው ቆሞ ነበር። አመስግኜው ወጣሁ። የገዛሁት ካርድ ሩብ ሰዓት ያህል በሙሉ ጭነት ሠርቶ፣ ፋኖቹ ድምፅ ሳይለዋውጡና ሥዕሉ ሳይሰነጣጠቅ ቆይቶ ነው ገንዘቡ የተቆጠረው።

መገጣጠሙ ራሱ ከሁሉም ቀላሉ ክፍል ስለሆነ ብዙ አልልበትም። የዚህ ፕሮሰሰር 1331 እግሮች ከራሱ ከፕሮሰሰሩ ሥር የወጡ ስለሆኑ ሳይጫኑ በክብደቱ ብቻ እንዲወርድ መተው ያስፈልጋል። ሁለት ራም ያለው ሰው ከፕሮሰሰሩ ተነሥቶ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ ይሰካቸው። ከዚያ በባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት በሚነሣው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ራሙን በተጻፈለት ፍጥነት የሚያሠራው ኤክስኤምፒ ካልተከፈተ 3200 ተብሎ የተገዛው ራም በ2133 ወይም በ2400 ይሠራል፤ ባለቤቱም ሳያውቀው ይኖራል። ሞኒተርም እንዲሁ ነው። 144 ኸርዝ ተብሎ በውድ ተገዝቶ ዊንዶውስ ውስጥ በ60 ላይ እንደተቀመጠ ዓመት የሚያስቆጥር ሞኒተር በወዳጆቼ ቤት አይቻለሁ። በ60 ኸርዝ አንዱ ሥዕል በሌላው የሚተካው በ16.7 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን በ144 ግን በ6.9 ነው፤ ልዩነቱን ለማየት ጨዋታ እንኳ አያስፈልግም፣ ማውሱን ማንቀሳቀስ ይበቃል።

ኮምፒውተሩን ለጎረቤቶቼ ያሳየሁት እሑድ ከሰዓት በኋላ በኮሙናሉ፣ በሕንፃዎቹ የጋራ አዳራሽ፣ ነው። ሕንፃችን ሊፍት ስለሌለው ካርዱን ነቅዬ በካርቶኑ ውስጥ ለብቻው አወረድኩት፤ እንዲህ ያለ ከባድ ካርድ በማዘርቦርዱ ላይ ተንጠልጥሎ ደረጃ ለደረጃ ቢንገጫገጭ የተሰካበትን ቦታ ሊሰብር ይችላል። የእድሩ ድንኳንና ድስቶች በተደረደሩበት ጥግ ጠረጴዛ አግኝቼ ተከልኩት። መብራቶቹ በርተው ቀለማቸውን መቀያየር ሲጀምሩ አንዲት ጎረቤታችን፣ «ልጄ፣ ምነው የሰርግ ቤት አስመሰልከው?» አሉኝ። ወዲያው ወደ አንድ ነጭ ቀለም መለስኩት፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ከዚያ በኋላ ቀስተ ደመናውን አላበራሁትም። ቀጥለው የጠየቁኝ ስንት መብራት እንደሚቆጥር ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቢጫወቱበት ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው፤ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚወስደው የእንጀራ ምጣድ ይህን ከሃያ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ይጨርሰዋል ብዬ መለስኩላቸው። መልሱን የተቀበሉት አይመስለኝም፤ ምጣዱ እንጀራ ያወጣል አሉኝ።

ልጆቹ የሚያውቁት የፕሌይስቴሽን ቤቱን ነው፤ በግጥሚያ እየከፈሉ በአሮጌ ቴሌቪዥን ኳስ የሚጫወቱበትን። እዚህም የጠየቁት ኳስ ነበር፤ በሁለተኛው ግጥሚያ ላይ አንዱ፣ «ጋሼ፣ በዚህኛው ቶሎ ይመታል» አለ፤ ያ ሞኒተሩ ነው። ከኢንተርኔት ጋር አላገናኘሁትም። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በአንድ ሚሊ ሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በአየር መንገድ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ዱባይ ያለ ሰርቨር ላይ ለመጫወት፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ለደርሶ መልስ 25 ሚሊ ሰከንድ ግድ ነው፤ እውነተኛው መስመር ደግሞ በጎረቤት አገር የባሕር በር ዞሮ ስለሚሄድ ይበልጣል። ይህን የትኛውም ካርድ አያሳጥረውም።

ከሁሉም የደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ዕድሜያቸውን ሁሉ በኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፉ አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን መስተዋቱንና መብራቱን ዘወር ብለውም ሳያዩ ከጠረጴዛው ኋላ ጎንበስ አሉና ሶኬቱን ተመለከቱ። የአዳራሹ መስመር አርዝ የለውም። ከኪሳቸው ቴስተራቸውን አውጥተው የኬዙን ብረት ሲነኩበት ቴስተሩ በራ። ልጆቹ ጨዋታውን ትተው ተሰበሰቡ፤ እያንዳንዱ በየተራ ቴስተሩን ይዞ እንዲያይ ሲጠይቅ ጡረተኛው በመጀመሪያ ጫማ ያላደረገው ሁሉ ጫማ አድርጎ እንዲመጣ አዘዙ። ከዚያ ስለ ካፓሲተሮቹ ከእኔ በተሻለ አስረዷቸው። ቤቴ ያለው ሶኬት አርዝ እንዳለው ስነግራቸው ወጥተው ካላዩ አላመኑኝም፤ አራት ፎቅ ወጥተው አይተው፣ ሽቦው ቀጭን ነው ብለው ወረዱ።

በማግሥቱ ከልጆቹ አንዱ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ በሬን አንኳኩቶ እርሱ በሚችለው ገንዘብ ምን ሊሠራ እንደሚችል ጠየቀኝ። በእኔ መንገድ እንዲሄድ አልመከርኩትም። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ዴልና ኤችፒ ዴስክቶፖች በከተማው በብዛት ይገኛሉ፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በኦክቶበር 2025 እ.ኤ.አ. ስለተቋረጠ ቢያንስ ስምንተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለውን እንዲመርጥ ነገርኩት፤ ከዚያ በታች ያለው ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም። የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ አነስተኛ ስለሆነ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም፤ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ መሥራት አለበት። በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጡት ጂቲኤክስ 1650 ካርዶች ተጨማሪ ገመድ የማይፈልጉት ለዚህ ይሆናሉ፤ አጭር ቁመት ያላቸውም አሉ። ከማሽኖቹ ግን አንዳንዶቹ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ ያስገባሉ፣ ቀጫጮቹ አያስገቡም። ካርድ ከመፈለጉ በፊት የሚገዛውን ማሽን ከፍቶ እንዲለካ ሜትሬን አውሼዋለሁ።